ታፔላው

ልጄ ረውዳ ደሴ ላይ፣ ከቧንቧ ውሃ ዝቅ ብሎ፣
ቆርቆሮ ቤት ተከራየች፣ በሩ በዝገት ቆስሎ፤
ብየዳ ልትሠራ፤ የመስኮት ፍርግርግ፣
የውሃ ታንከር ማቆሚያ፣ ለትምህርት ቤት የባንዲራ ዘንግ።
ሥራው አይደለም ያመመኝ፤
ታፔላው ነው፣ ቆሜ ሳነብ፣ እንደ ጋለ ብረት የተኮሰኝ።
በቢጫ መደብ፣ በጥቁር፣ ፊደሉ ክንድ የሚያህል፣
«ጠይብ ብረታ ብረት» ይላል።

«አጥፊው» አልኳት።
«ምኑን?» አለች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ።
«ያን ቃል።»
«ቆንጆ ቃል እኮ ነው፣ አባ፤ ከጥበብ የመጣ።
ጓደኞቼም ወደዱት፤ ስምረት ናት የጻፈችው፣
ከሐይቅ ድረስ መጥታ፣ ያለ ሳንቲም የሠራችው።»

ምን ብዬ ላስረዳት? ቢስቲማ፣ ገበያ በዋለበት ቀን፣
አባቴ ሙሄ ማረሻ ዘርግቶ፣ ከሰው ጥላ ርቀን፣
ማጭዱን የወደደ ሁሉ ዓይናችንን ሲፈራ፣
እናት ልጇን በነጠላ ሸፍና፣ በሌላው ጎን ስትመራ፣
ሳንቲሙን ከእጅ ሳይሆን ከመሬት ላይ ስንለቅም፣
ያን ቃል ከኋላ ሰምተን፣ እንዳልሰማ ሰው ዝም።
መምህሩ «አባትህ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ፣ ሰባተኛ ሳለሁ፣
«በቅሎ ነጋዴ ነው» አልኩ፤
ያቺን የሌለች በቅሎ፣ ይኸው አርባ ዓመት እጋልባለሁ።

ይህን አልነገርኳትም። ንዴት አፌን ቀድሞ፣
«ሴት ልጅ ሆነሽ ደግሞ፣
ብረት!» አልኩ።
ብልጭታው ቆመ። ያን ቀን አላናገረችኝም፤
ራት ቀርቦ፣ እጇን ታጥባ፣ አንድ ጉርሻ አልዋጠችም።
«ምን አልኩ?» ብዬ እናቷን ጠየቅኋት፣ ግራ ገብቶኝ፣ ሌት ላይ።
«አንተም ታፔላ አለህ» አለች ዘሃራ፣ «ያውም ግንባርህ ላይ።»

ሽማግሌ ይፍረደን ብለን፣ አባቴን አስመጣን በሚኒባስ፤
ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከዘራው የራሱ ሥራ፣ ጫፉ ናስ።
ፊደል አልቆጠረም። ታፔላው ሥር ቆመ፣ አንገቱን ቀና አርጎ፣
«አንብቢልኝ» አላት። አነበበች። ጸጥ አለ፣ ጺሙን በጣቱ ጠርጎ።
እኔ መሬት መሬት አየሁ፤ አሁን ከዘራው ይነሣል አልኩ።

«ቀለሙን በስንት ገዛሽው?»
«ስምንት መቶ ብር።»
«ወይ ጉድ! እኛን እኮ በነጻ ነበር
የሚሉን!»

ሳቀች። ሳቀ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ።
ትከሻውን መታ አርጋ፣ «አንተ አባባ፣ ተጫዋች ነህ ለካ!» ስትለው፣
ፊቱ ተለወጠ፤ የጋለ ብረት ውሃ ሲነካው «ችስ» እንደሚለው።
«ማንን ነው አንተ ያልሺው?» ድምጹ ወረደ። «እኔን?
ገበያው ቡዳ ሲለኝ፣ ጅብ ይሆናል ሲለኝ ሌሊቱን፣
ቤቴ ስገባ ነበር የማገኘው፣ ከልጆቼ አፍ፣ ‹አንቱ›ን።»

ረውዳ ደነገጠች። ለሷ «አንተ» ማለት ማቀፍ ነው፤
«አንቱ» ለቀበሌ ሊቀመንበር፣ ለማታውቀው ባዕድ ሰው።
እስኪመሽ አንቱ አለችው፤ ውሃ ይጠጡ፣ ይቀመጡ፣ ላውልቅልዎ ጫማዎን፤
ሲተኛ ረስታ «ደህና እደር» አለችው፤ እሱም ረስቶ፣ «አሚን።»

ታፔላው አልወረደም።
እኔም ከሥሩ አላልፍም፤ የምገባው በጓሮ ነው፣ አብሽር፣ ማንም አያየኝም።
ትናንት አንድ ጎረምሳ ከደጁ ቆሞ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣
«ጠይብ ጋ ነኝ! ጠይብ ጋ!» ይላል፣ ሰፈሩን በጩኸት ገርፎ።
እጄ ኪሴ ውስጥ ተጨበጠ፣ ሳላዘው።
ልጁ የነገረው አድራሻ ነው፤ «ከፋርማሲው ወረድ በል፣ ቢጫውን ታፔላ ያዘው።»
ጓደኛው መጣ። የተሰበረ የብስክሌት ሹካ አስበየዱ፤
ብሩን መዳፏ ላይ አኑረው፣ እየተሳሳቁ ሄዱ።
ጣቶቼ አንድ በአንድ ተፈቱ፤
አውራ ጣቴ ግን፣ በግዱ።