ጅራት የሌላት

እህል መጋዘኑ፣ አቃቂ ዳርቻ፣
አይጥ ነበር ጠላቱ፣ አይጥ ነበር ብቻ።
ሰኞ ደብዳቤ መጣ፦ «ያልተፈቀደ ሁሉ፣
ገመድ የለሽ ማውዝ፣ ይነቀል» ይላል ቃሉ።

ስንዱ ዘንድ ደረስኩኝ፣ ካኪ ፖስታ ይዤ፣
ጥፍር የምታህል መሰኪያ መዝዤ።
«ልጄ ናት የገዛች፣ በመጀመሪያ ደመወዟ።»
ማውዟ ላይ ያበራል፣ የመዳፏ ወዟ።

«አየር ላይ ያለ ቃል ከአጥር ውጭ ይሰማል፤
የቆመው አይሱዙ ማንን እንደያዘ ማን ያውቃል?»
አልኳት፣ በደብዳቤው ቋንቋ።
ዝም ብላ ባለ ገመዱን ሰካች።

ማታ ከመሳቢያ፣ ከታሸገው ፖስታ፣
ቀይ ብልጭ ትላለች፣ ሳትታክት ላፍታ፤
ጥንዷ እዚያው አጠገቧ፣ ጥንዷን ትጣራለች።

ከግድግዳው ማዶ፣ ያቺ ባለ ጅራት
ሽምብራ ትቆረጥማለች፤ ደብዳቤ የለባት።