ላልቶም፣ ጠብቆም

ፋብሪካው ሦስት ዓመት ኮሌታ አሰፋኝ፣
ለብሶት የሚሄድ ሰው አንድ ቀን ሳያሳየኝ።
ብሎኗ ከአፍንጫዬ ስንዝር ናት፣ ቅርብ ናት፣
«እንዳትነኪ» የሚል ቀይ ቀለም ቀብተዋት።
ክር ሲበጠስ እጄን ወደ ላይ አነሳለሁ፣
መካኒኩ እስኪመጣ ሰዓት እቆጥራለሁ፤
ይመጣል። ሩብ ዙር። ይሄዳል።
ምን እንዳደረገ ለማን ይነገራል?

አሁን አባዶ ነኝ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ቤት፤
በሬ ላይ ጭቃ፣ ከጭቃው ማዶ ሽንብራ ያለበት።
መኪናዬ አሮጌ፣ በእግር የምትረገጥ፣
ወርቃማ ጽሑፏ ካንገቷ የሚላጥ።
ፋብሪካው የጣለውን ቁርጥራጭ በኪሎ ገዝቼ፣
ሰማያዊ ከቡኒ፣ ቡኒ ካበባማ አጋብቼ፣
ከሥር አቡጀዲ፣ ከመሃል ጥጥ አንጥፌ፣
ብርድ ልብስ ልሠራ ነው፣ ከኮሌታ አልፌ።

«ድሪቶ ነው እንዴ?» አለች በዳቱ ከበር።
ድሪቶስ በተሻለ፤ እሱ ይያዝ ነበር።
የኔ ላዩ ላይ ነጭ ነጥብ አወጣ፣ እንደ ቅጫም፣
የታቹ ክር ሽቅብ ተስቦ። ባላላውም አልቀናም፤
ከሥሩ ተዝረከረከ፣
ልጅ እንደ ጎለጎለው የካሴት ክር።

ጋሽ ሸዋቀና አንደኛ ፎቅ ናቸው።
አርባ ዓመት ሱሪ ሰፍተው ዓይናቸው ደክሟል፤
ጆሯቸው ግን ወለሉን ሰንጥቆ ይወርዳል።
«አጥብቀሻል!» ይላሉ ከደረጃው፣
«መኪናዋ እየታነቀች ነው፣ አይሰማሽም?»
አይሰማኝም ነበር።

በከዘራቸው ደረጃውን እየቆጠሩ ወረዱ።
«መጀመሪያ እግር አንሺ» አሉኝ፤
የኔን መስሎኝ አነሳሁ።
«የመኪናዋን!»
እግሯ ሳይነሳ የገባ ክር
ሁለቱ ሰሃን መሃል አይገባም፤
ውጥረቱን ሳይነካው ያልፋል፣
ማኅተም እንዳልተመታበት የቀበሌ ደብዳቤ።

«ከላይ ጥቁር፣ ከታች ነጭ ክር አድርጊ፤
አንድ ዓይነት ክር ይዋሻል።
በዚያው ጨርቅ፣ በዚያው ጥጥ ሞክሪ፤
በስስ ለክተሽ በወፍራም አትፍረጂ።»
ቦቢኑን ከነቤቱ በክሩ አንጠልጥለው
ፊቴ ላይ አወዛወዙት፦
«ዝም ብሎ ከወረደ ላልቷል።
ነቅንቀሽው ካልወረደ ጠብቋል።
ነቅንቀሽው ትንሽ ወርዶ ከቆመ፣ እንደ ሸረሪት፣
ተይው። ተይው ብያለሁ!»

ካቻቢቴውን ሰጡኝ። ለእኔ።
ይሄኛው ብሎን ቀይ ቀለም የለበትም።
ሩብ ዙር። ሰፋሁ።
ሩብ ዙር። ሰፋሁ።
ከሩብ ያነሰ፣ ትንፋሽ የምታህል።
ስምንተኛው መስመር ላይ
ጥቁሩ ላይ ቀረ፣ ነጩ ሥር ቀረ፣
የተያያዙበት ቦታ ጥጡ ውስጥ ገባ፤
ማንም አያየው።
ጋሽ ሸዋቀና በጣታቸው ስፌቱን ዳሰሱና
«አሁን ተነበበ» አሉ።

ተነበበ! ትዝ አለኝ፤
ያማርኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጽፎ
«ላልቶ ሲነበብ? ጠብቆ ሲነበብ?» ይለን ነበር።
ፊደሉ ያው ነው። ምልክት የለው፣ ቁጥር የለው፤
ብሎኑ ያንባቢው ጉሮሮ ውስጥ ነው።

ክረምት ሲገባ ልጃቸው መጥቶ፣
በዚያ ብርድ ልብስ ትከሻቸውን ሸፍኖ
ወደ ሰንዳፋ ወሰዳቸው።
ሱሪ የሚያሳጥር ሰው እየመጣ ያንኳኳል።
በራቸው ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፣ አንድ ቃል፦
አሉ።
ላልቶ ላነበበው፣ ያሉትን እኔ ጋ ወርዶ ይጠይቅ።
ጠብቆ ላነበበው፣
ክሩን ሳከርረው አሁንም ከደረጃው
ከዘራ ይሰማኛል።

በዳቱ ለአራስ ልጇ አንድ አዛለች፣
«ድሪቶ» ማለቷን ረስታ፣ ወይ አስታውሳ።
ትናንት ማታ እየሰፋሁላት ክር ተበጠሰ።
የድሮ ልማድ ነው፣ እጄን አነሳሁ።
ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።
ትንሽ እንደተሰቀለ ቆየና
አወረድኩት፣
ካቻቢቴው ላይ።