ክፍል አራት

ሽምብጥ፣ ከወፍጮው ጀርባ፣ ከቆርቆሮው በር
ቆሜ ሁለት ሁለት ብር እቀበል ነበር።
ቤቱ የእንየው ነው፤ ስሙ እንጀራ ሆነው፤
«እንየው» ያለ ሁሉ እንየውን አመነው።
ፊልሙ ባዕድ አፍ ነው፤ ዘንዶና ንጉሥ ነው፤
እሱ ማይኩን ይዞ በኛ አፍ መለሰው።
ንግሥቲቱ ስትቆጣ «አንት ወስላታ» አለች፤
ዘንዶዋ ክንፍ ዘርግታ «ወየውልህ» አለች።

ክፍል አንድ የመጣ ለት አግዳሚው አልበቃም፤
ሰው እንደ ታንኳ ደንገል ሲታሰር አይላላም።
ዓሣ ከታፊዎች ከነቢላቸው፣
ባጃጅ ነጂዎቹ ከነቁልፋቸው፤
ጥሩዓይነት ከጀልባው ማቆሚያ በቀጥታ
አምባዛ በሳፋ እንደያዘች መጥታ
ከፊት ተቀመጠች፤ ሽታውን ማን አየው!
ዘንዶው እየበረረ አፍንጫ ማን አለው?

አንድ ጎባጣ ነበር፣ ጋሻ ተሸካሚ፣
ለጌታው ታማኝ ሎሌ፣ ለራሱ ታማሚ።
የፊልሙ ስም ከበደን፣ ምላስ የሚያስር ነው፤
እንየው «አንማው» አለው፤ ሽምብጥ ተቀበለው።
ክፍል ሁለት መሃል ላይ ፍላጻ አገኘው።
ቤቱ ጸጥ። የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ።
ጥሩዓይነት ተነሣች፦ «አልሞተም በል፣ እንየው!»
በምስሉ ይቀብሩታል፣ አፈር ይጭኑበታል፤
እንየው በማይኩ፦ «የሌላ ሰው ቀብር ነው፤ እሱ ቆስሎ ተርፏል።»
ጭብጨባው ቆርቆሮውን ሊገነጥል ደርሷል።

ክፍል ሦስት ሲመጣ «አንማው ወዴት አለ?»
«ዘጌ ተሻግሮ ነው፣ ይመጣል» እያለ፣
ባዶ ፈረስ ሲያይ «የአንማው ነው» ሲለን፣
የተዘጋ በር ሲያይ «ከዚያ ውስጥ ነው» ሲለን፣
ዓባይ በጣና መሃል ሳይቀላቀል ያልፋል እንደሚሉት፣
በሰው ፊልም መሃል የኛው አለፈበት።

ግን ሰው ቀነሰ።
ሕፃን የነበረው ልዑል ጢም አበቀለ፤
ጠንቋይዋን ሌላ ሴት ተካቻት፣ ማን አስተዋለ?
አንድ ዘንዶ ሳለ ጉልበት ያብረከርክ ነበረ፤
አርባ ሆነው እንደ እምቦጭ ሰማዩን ሲያለብሱት ማን ቆጠረ?
ባጃጅ ነጂው ስልክ ገዛ፣ ከታፊው ቤት ሠራ፤
ከስምንቱ አግዳሚ አራቱ ለማገዶ፣ አራቱ ለአቧራ።

ክፍል አራት በአውቶቡስ ሊገባ በዋዜማው
እንየውና እኔ ሐይቁ ዳር ነበርን፣ ጉማሬ ስናዳምጥ በጨለማው።
«ሰው ይመጣል ትላለህ?» አለኝ። ዝም አልሁ። ምን ልበል?
የሚከተለው ተረቱን ነው እንዳልል፣
ያን ሁሉ ዙፋን ማን ለይቶት፣ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤
ዘንዶውን ነው እንዳልል፣ ዘንዶ እንግዳ አይደለም።
«ድምፅህ ተዘግቷል» አልሁት፤ «ማር ላስ፣ ለነገም።»

ዝናብ ነበር። አሥራ አንድ ሰው። ሁለቴ ቆጠርሁ።
ጥሩዓይነት ያለ ሳፋ መጣች፣ ልጇን ይዛ፤
ልጅቱ ክፍል አንድን አታውቅም፣
አንማውንም አታውቅም፤ እናቷ ጭን ላይ ፈዛ
ጣራውን ታያለች፣ ጠብታውን ትሰማለች።
የዘንዶዎቹ ጦርነት በዝናቡ ተዋጠ።
መጨረሻው ላይ ግን፣ ከጭጋጉ ወዲያ፣
አንድ ፈረሰኛ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፣
ታየና ጠፋ።
እንየው ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ፤
ምንም አላለ።
ማይክ ይዞ ዝም ሲል ያን ቀን ገና አየሁት።
ልጅቱ ናት ከጭኗ ቀና ያለች፦
«እማ፣ ያ ማነው?»

ሲወጡ ጥሩዓይነት በሩ ላይ ቆማ
አራት ብር ከመቀነቷ ፈታች።
«ከፍለሻል እኮ» አልኋት።
«ለአምስተኛው ነው» አለች፤ «ለእኔና ለሷ።»
አምስተኛው ይሠራ አይሠራ
እኔም አላውቅ፣ እንየውም አያውቅ።
ብሮቹ እርጥብ ነበሩ፤ አምባዛ አምባዛ ይሸታሉ።
ከሌላው ገንዘብ ለይቼ
በበሩ ሚስማር ላይ ሰቀልኋቸው።