አረንጓዴ

ሥራዬ መቀባት ነው፤ ግድግዳ አይደለም፣
የወንጀል ካርታ ነው፣ በሦስት ዓይነት ቀለም፦
ቀይ ለሚበዛበት፣ ብጫ ለሚሻለው፣
አረንጓዴ ደግሞ ሰላም ላደለው።
ቫልፓራይሶ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ፣
ጀርባዬ ለሰፈሬ፣ ፊቴ ለማያልቅ
የቁጥር ሰልፍ።
ወር በገባ ባምስት ወረቀት ይመጣል፤
ስንት መስኮት ረግፏል፣ ስንት ስልክ ተመንትፏል፣
ስንት የጋዝ ሲሊንደር ከጓሮ ተነሥቷል።
እኔ እደምራለሁ፤ ኮምፒውተሩ ይቀባል።

ዘንድሮ የኛ ሰፈር አረንጓዴ ወጣ።
አለቃዬ ኒባልዶ ኬክ አስይዞ መጣ፤
"ሠላሳ ከመቶ ቀነሰ!" እያለ
ክሬም በነካ እጁ ትከሻዬን መታ፣ እንደ ልጅ ዘለለ።
እኔም ሣቅሁ። ኬኩም ጥሩ ነበር።

ያን ማታ ደረጃውን ሽቅብ ስወጣው
(መቶ ስድሳ አንድ ነው፣ አምፖል ያለው አሥራ አራቱ ብቻ ነው)
ቁልፌን በጣቶቼ መሐል እንደ ጦር ወድሬ፣
እንደ ወትሮው ሁሉ ጆሮዬን ወደ ኋላ አዙሬ፣
ኮቴ ሰማሁ። ጫማ የማስር መስዬ
ጥጉን ይዤ ቆየሁ፣ ልቤን ሰቅዬ።
ዳቦ የያዘ ሽማግሌ ነው። እሱም እኔን ፈርቶ
ዳቦውን እንደ ሕፃን አቅፎ አለፈኝ፣ ወደ ገደሉ ተጠግቶ።
ይህ በቅጹ ላይ አይሞላም።

ወይዘሮ ኢስሜኒያ ከመታጠፊያው ላይ ሱቅ ነበራት።
ሦስት ጊዜ ተዘርፋ ሦስት ጊዜ ከሰሰች፣
ሦስቴ ወረፋ ቆማ ሦስት ቁጥር ተቀበለች፤
ባራተኛው ግን ጣቢያ አልሄደችም፣ ብሎኬት ገዛች፣
መስኮቷን ደፈነች።
አሁን እዚያ ጥግ ላይ ስኳርም የለ፣ ሻማም የለ፣
ሌባም የለ፤
ካርታዬ አልዋሸም፣ ሰላም ነው ካለ።

አዋጥተን ማንቂያ ደወል አስተክለን ነበር፤
ለየቤቱ አንድ መጫኛ፣ መሐሉ ቀይ ነጥብ።
በመጀመሪያው ወር ለድመት ጮኸ፣ ለነፋስ ጮኸ፣ ለሰካራም፤
በሁለተኛው ወር ከውሾቹ በቀር የመለሰለት የለም፤
በሦስተኛው ውሾቹም ተኙ።

የኔስ ቤት?
በሰኔ አንድ ሌሊት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደልቅ፣
ከጓሮ ሰማሁ፣ ብረት ከብረት ቀስ ብሎ ሲላቀቅ።
መጋረጃውን ገለጥሁ።
የኛን ሲሊንደር በትከሻው አድርጎ
አጥር የሚሻገር ልጅ፤ ግራ እግሩን ጎተት አድርጎ።
ያን እግር አውቀዋለሁ።
ዬርኮ ነው፣ የፊት ለፊቷ የሚሬያ ልጅ።
ሰባት ዓመቱ ሳለ ከዚሁ ደረጃ ወድቆ
ሐኪም ቤት ያደረስሁት እኔ ነኝ፣ አዝዬ፤
አንገቴን አንቆ፣
"አትጣለኝ፣ አትጣለኝ" ሲለኝ ነበር፣ እስከ ታች።
አውራ ጣቴ ቀዩ ነጥብ ላይ ነበረች።
አልተጫንሁትም።

ጠዋት ሚሬያ መጣች፣ ሹራብ በፒጃማ ላይ ደርባ፦
"ጋዝ ወሰዱብህ አሉ። ሌባውን አይተኸዋል?"
አየኋት። አየችኝ።
እንደምታውቅ አወቅሁ፤ ማወቄንም አወቀች።
"ዓይኔን ግንባር ያርገው!" አልኋት።
"የኔንም" አለች፣
ፈጥና።

ያን ወር ለመንገዳችን ዜሮ ጻፍሁ፣
በገዛ እጄ።

በሳምንቱ ቦሎቄ በድስት ይዛ ቆመች ደጄ፤
ዱባ የገባበት፣ ክዳኑ በፎጣ የታሰረ፣
ከነፍላቱ፣ ገና ያልበረደ።
በማን ጋዝ እንደተቀቀለ አልጠየቅሁም።
ሁለት ሳሕን በላሁ።

አዲሱን ሲሊንደር ግን በሰንሰለት አሰርሁት።