ሁለት ፋኖስ

መብራት ሄደ፤ ሰኔ ነው። ከዚራ እንደ ልማዷ
አልጋዋን ግቢ አወጣች፣ ቤቷን ትታ ለንዳዷ።
ጋሽ ኦብሳ በሽርጣቸው ከኒሟ ሥር ጋደም ብለው፣
እኔ ላፕቶፔን ታቅፌ፣ ባትሪው ሳይሞት ልጨርሰው።
ጥቁር መስኮት፤ ሁለት ነጥብ፣ ነጫጭ፣ አጠገብ ላጠገብ።
«ሂንድያ፣» አሉ፣ «ባዶ ጨለማ ነው እንዴ የሚነበብ?»

«መንኮራኩር ናት፣» አልኳቸው፣ «ሌላ መንኮራኩር የምታይ፤
ምድርን ይዞራሉ ሁለቱ፣ በአንድ መንገድ ላይ።
ለኋለኛዋ ካሜራ አላት፣ ለፊተኛዋ ሁለት መብራት፤
ዐይኗን ብቻ አምና ነው፣ ቀርባ የምትነካት።»
«ፍጥነታቸውስ?»
«በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ይታለፋል፤
ፊሽካ ሳይነፋ ሽንሌ፣ ሻይ ሳይበርድ ጅቡቲ ያልፋል።
ግን አንዷ ለአንዷ የቆመች ናት።»
«አወቅኩት፣» አሉ፣
«ጎን ለጎን የሚሮጡ ባቡሮች፣ በመስኮት ሲተያዩ እንዲያ ናቸው ሁሉ።»

«ልትደርስባት ስትፈልግ ደግሞ፣ ፍሬን ነው የምትይዘው፤
ስትይዝ ዝቅ ትላለች፣ ዝቅ ማለቷ ነው የሚያፈጥነው።»
ሳቁ። ሳል እስኪያቆማቸው ሳቁ።
«ሠላሳ ዓመት ፉርጎ ሳቆላልፍ
እንዲህ ያለ ሐዲድ አላየሁም፣
ተይ ልጄ፣ በሽማግሌ አትቀልጅም!»

ቆይተው፣ ቀስ ብለው፦
«ርቀቱንስ በምን ታውቀዋለች?»
«ሁለቱ ነጥብ ሲጠጋጉ ሩቅ ናት፤ ሲራራቁ ቀርባለች።»

ዝም አሉ። የኒሟ ቅጠል እንኳ ዝም አለ።
«ይሄንማ፣» አሉ፣ «ማን ያላየ አለ?
ከመጨረሻው ፉርጎ ጀርባ፣ ግራ ቀኝ፣ ሁለት ፋኖስ፤
ከሩቅ አንድ ይመስላል፤ ይሰነጠቃል አጠገቡ ስትደርስ።
ክንዴን ዘርግቼ መሀላቸውን በጣቴ ስለካ፣
አንድ ጣት ሲገባበት ነፋሁ ፊሽካ፤
ሁለት ሲገባ ፍሬን፤
ሦስት ሲገባ፣ እንግዲህ በቀስታ፣ በቀስታ...»

እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።
ግራ እጃቸው ነው። ሁለት ጣት የለውም።
ልጅ ሆኜ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤
ጠይቄ ግን አላውቅም።

«አዲጋላ ቀርተዋል፣» አሉ፣ ሰው ስለ ረሳው ጃንጥላ እንደሚያወራ።
«ነፋስ ነበር፣ አሸዋ የያዘ። አንዱ ፋኖስ ጠፋ።
ያንድ ፋኖስ ነገር፣ ልጄ፣ ወዴት እንዳለ ይነግርሻል፤
ስንት እንደቀረሽ ግን ይደብቅሻል።
እኔ የቅድሙን ርቀት አመንኩ።
ፉርጎው ግን በቅድሙ ቦታ አልነበረም።»

ወደ መስኮቴ ዞርኩ።
ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር ቆጠርኩ።
አገኘሁት። ጥር ላይ፣ ቸኩዬ የጻፍኩትን፦
ፀሐይ ዐይኗን ስትወጋት፣
አንዱ መብራት ሲጠፋባት፣
«የመጨረሻውን ርቀት ያዢ፤ ቀጥዪ» ይላል።
ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ሲል ከርሟል።

ደለትኩት። በቦታው ጻፍኩ፦
አንድ ብቻ ከታየሽ አትመኚ። መጠጋቱን ተዪ።
ወደ ኋላ።
ሁለተኛው እስኪበራ።

ባትሪው አራት በመቶ።
«እዚያ ፊሽካ አለ?» አሉኝ።
«አየር የለም፣ ጋሼ፤ ፊሽካ አይሰማም።»
«ታዲያ በዐይን ብቻ?»
«በዐይን ብቻ።»
«እህ፣» አሉ፤ ሽርጣቸውን ጠበቅ አደረጉ፣
እዚያ ላይ ብርድ ያለ ይመስል።

በደቻቱ ድልድይ በኩል አይሱዙ መጣ፣
ጫት አራግፎ የተመለሰ፣ ባዶው የሚንቋቋ፣
አንድ ዐይኑ የጠፋ።
ጋሽ ኦብሳ ባለ ሦስት ጣቱን እጅ ዘረጉበት፤
አንዱን ዐይናቸውን ጨፈኑ።
«ስንት ይቀረዋል?»
«አላውቅም፣» አልኩ።
«እኔም፣» አሉ።
መስኮቱ ጠፋ፤ ሁለቱ ነጥቦች አብረው ሄዱ።
አይሱዙው ግን ገና እየመጣ ነበር።