የባለቤት ፊርማ

የውሻዬን ስሙን ማንአለብኝ ያለው
እኔ አይደለሁም፤ ባሌ ነው፣ ልየው።
ከእትዬ ዝማም ጋር በአጥር ተጣልቶ
በውሻ ስም ሊወጋት፣ ጧት በሩን ከፍቶ
«ማንአለብኝ! ና!» ይል ነበር ጮክ ብሎ።
ከዚያ እሱ ሄደ፣ ስሙን እዚሁ ጥሎ።

አሁን እኔ ነኝ ሽምብጥ መንገድ ዳር ቆሜ
በምሽት የምጠራው፣ እስኪዝል አቅሜ።
የሚያልፈው ሰው ሁሉ ፉከራ ይመስለዋል፤
«ብ»ን ነፋሱ ነጥቆ ሐይቁ ላይ ይጥለዋል፤
የቀረው ሲሰማ
«ማን አለኝ?» ይላል።

ጥቅምት ላይ ሦስት ሌሊት ደብዛው ጠፍቶብኝ
በአራተኛው ንጋት መጥቶ በሩን ጫረብኝ፤
ጆሮው ተዘልዝሎ፣ ሆዱ ደለል ለብሶ፣
ደንገል ተጣብቆበት፣ ከሠርጉ ተመልሶ።
በጨው ውሃ አጠብኩት። ተኛ። በእንቅልፉ
ገና ይሮጥ ነበር፣ እያለከለከ አፉ።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ ከዓሣ ማኅበሩ ጓሮ፣
ማዕበል የተፋው እንቦጭ ሥር አንድ ከረጢት አየሁ።
የማዳበሪያ ነው፣ አፉ በሲባጎ የታሰረ።
ማዳበሪያ።
አምስት ነበሩ። የሁለቱ ግንባር ላይ
የእሱ ነጭ ምልክት አለች፣ ምስር የምታህል።
አንዱ ይሞቅ ነበር።
ቤት ሳልደርስ በረደ።

እትዬ ዝማም በአጥሩ አንገቷን አስግጋ
«አስኮላሺው» አለች። ሳትሰድበኝ። በእርጋታ።
አብሮኝ ዓሣ የሚበልተው ሙሉሰው ግን ሞገተ፦
«በግ ሲኮላሽ ሙክት፣ በሬ ሲኮላሽ ሰንጋ፤
ስምም ይጨመራል፣ ይጨመራል ዋጋ።
ውሻ ሲኮላሽ ግን ምን ተብሎ ይጠራል?
ስም ያላወጡለት ነገር ያስፈራል።
ደግሞስ» አለኝ፣ የቀረሶ ቅርፊት እየላጠ፣
«ይሉሻል፦ ውሻው ተቀጣ፣ ልየው አመለጠ።»

ሳቅን። ማታ ግን አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ ነበር።
እውነት ነው፣ ልየውም ሦስት ሌሊት ይጠፋል፤
ሲመጣ ግን ጆሮው ደህና፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፤
እጄንም አይልስም።
ታዲያ ቢላው ለማን ነው የሚሳለው?
ለከረጢቱ ነው ወይስ ለሸሚዙ?

በቀን መቶ ሆድ እቀዳለሁ። የአምባዛ እንቁላል
ክንዴ ላይ ሲፈስ ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም።
ይህን አንዱን ግን ልጠይቀው ፈለግኩ፤ በምን ቋንቋ?
እሱ የሚያውቀው «ና»ን ነው፣ «ተው»ን፣ «ውጣ»ን።
እኔና ልየው አስተምረነው ካደገው ቃል ውስጥ
መጨረሻው ላይ ጥያቄ ምልክት ያለው የለም።

ዶክተር ይታያል ልጅ ነው፣ ጢሙ ገና አልሞላም።
«ግማሽ ሰዓት ነው» አለኝ። «ዙረቱ ይቀንሳል።
መጮሁ አይቀርም። እርስዎን መውደዱም።»
«ስንት ቡችላ ይቀራል?» አልኩት።
«የቀረን ማን ይቆጥራል» አለ፣ ቅጹን እየሳበ።

የእንስሳው ስም፦ ማንአለብኝ።
ሣቀ፤ ቀና ብሎ ሲያየኝ ሣቁን ዋጠ።
ዕድሜ፦ አራት ዓመት ከመንፈቅ።
ጾታ። እዚህ ላይ እስክሪብቶው ትንሽ ቆመ፤
ወንድ ብሎ ጻፈ።
የባለቤት ፊርማ፦

ባለቤት።
ይህን ቃል ቀበሌ ሄጄ ለመጨረሻ ጊዜ ስሞላው
ትርጉሙ ሌላ ነበር፣ ጆሮው ያልተቀደደ።

ማንአለብኝ ጠረጴዛው ሥር፣ እግሬ ላይ ተጋድሞ
በጥፍሮቹ መሀል የደረቀ ጭቃ በጥርሱ ያወጣል፤
ባጃጅ ስላሳፈርኩት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎታል።
እስክሪብቶው አልጽፍም አለኝ።
እጄ ጀርባ ላይ ጫርኩት፣
ቅርፊት የማይለቀው ቆዳዬ ላይ፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣
ሰማያዊ መስመር ወጣ።

ፈረምኩ። ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ።

«እስኪተኛ ይያዙት» አለኝ።

ያዝኩት።