ሁለት ቀ

ከመሐል ሜዳ ፍርድ ቤት፣ ካብ ሥር ሸራዬን ወጥሬ፣
በሰው አቤቱታ ነው እኔስ መኖሬ።
አጥሬን ተገፋሁኝ፣ ቀለብ ተከለከልኩ፣
የሚለውን ሁሉ በወግ እያስተካከልኩ።
መኪናዬ አርጅታለች፤ «ቀ»ዋ ተሰብራለች፣
ስመታት ከስፍራዋ አልነሣም ትላለች።
ስለዚህ ቀ ሲመጣ ባዶ ቦታ ትቼ
በብዕር እሞላለሁ፣ ወረቀቱን አውጥቼ።

በገበያው ማግሥት፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣
ወይዘሮ አሰገደች፣ የባሏን በርኖስ ደርባ፣
ቁጭ አለች ከበርጩማው፣ ዐይኗ ሳያነባ።
«ልጄ ሸዋቀና፣ የጭነት ረዳቱ፣
ጣርማ በርን ወርዶ ይኸው ሦስት ዓመቱ።
አልሞተም ያለኝ የለ፣ ሞቷል ያለኝም የለ፤
ጻፍልኝ፣ ለሚመለከተው…»
                    ጣቴ ቸኮለ፦
«የልጄ ሐዘን ጸንቶብኝ…» ብዬ ሳነብላት
እጇን መኪናው ላይ ጣለች። ፊቷ ተለወጠባት።

«ሐዘን አትበል፣ ልጄ!
ሐዘንማ ቤት አለው።
ድንኳን ይጣልለታል፣ ንፍሮ ይቀቀልለታል፣
ዕድርተኛው ይመጣል፣ "እግዜር ያጥናሽ" ይባልበታል።
ዐርባ አለው፣ ሙት ዓመት አለው፣
ከል አለው፣ አንድ ቀን የሚወልቅ።
እኔ ምን ልልበስ? ምኑን ላውልቅ?
የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ልቤ ዘሎ ደጅ ይቆማል፤
የመኪና ጥሩንባ ስሰማ እንዝርቴ ከእጄ ይወድቃል።
ንፍሮ ልቀቅል ብል ሟርት ነው፤
ልተወው ብል፣ ደጁ ክፍት ነው።
ሰቀቀን በል። እሱ ነው።
የሰው ቤት ልጅ አይተሃል? ሌላው ሲጎርስ እያየ
ምሰሶ ተደግፎ፣ አፉን ሳይከፍት የቆየ?
እሱ ነው ሰቀቀን። አይለምንም፣ አይጠግብም፤
ግባ ቢሉት አይገባም፣ ሂድ ቢሉት አይሄድም።»

ሰ። መታሁ። ከዚያ ባዶ። ደግሞ ባዶ። ን።
ወረቀቱን አወጣሁ፤ ሁለቱን ቀ በብዕር
ስሞላቸው አየሁት፣
ቃሉ ጅራቱ ላይ ቀን ተሸክሞ ኖሯል።
ስንት ዓመት ጻፍኩት፣ ሳላየው!
ሌሊቱንስ? ሌሊቱን ቃሉም አልደፈረ።

«ስንት ነው?» አለች፣ የመቀነቷን ጫፍ ፈትታ።
ተይው ልል ነበር።
ተቀበልኩ።
በነጻ ቢሆን ለቅሶ የደረስኩ ይመስልባታል።

ማታ ሸራዬን ሳጥፍ፣ ከካርቦኑ ሥር የቀረው
ግልባጩ ዐይኔ ገባ። እሱን ብዕር አልነካው፤
ቀዎቹ እንደጎደሉ ናቸው፣ የልጁም ስም ሳይቀር፦

«ልጄ ሸዋ   ና»

ብዕሬን አነሣሁ።
አየሁት።
ክዳኑን መለስኩለት።